ሁለተኛው ገመድ

ግንቦት ሲጋመስ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወሬው ሁሉ ጣሪያ ነው። በጋውን ሙሉ ቀና ብሎ ያላየው ሰው አንድ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ባለጉዳይ ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ያለን ሰዎች ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ብቅ ይላል፣ ኮሚቴ ይጠራል፣ መዋጮ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው። የብሎካችን ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነርስ ነበርኩ፤ ከአገልግሎት ዘመኔ የሚበዛው ያለፈው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሰፈሩ የሚጠራኝ «ሲስተር» ብሎ ነው።

ዘንድሮ ጣሪያውን ለሚጠርገው ልጅ ገመድና ሴፍቲ ቤልት እንግዛ ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ፣ በዕድሜም በጸሎትም የሚቀድሙን አንድ አባት ተነሡ። «ሲስተር፣ ገመድ ሰው አያድንም» አሉ። «ቀኑ የደረሰ ሰው ከአልጋው ወድቆ ይሞታል። ቀኑ ያልደረሰ ከአራተኛ ፎቅ ወድቆም አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። ይልቅ ከመውጣቱ በፊት ዳዊት ይደገምለት።» ግማሹ ሰው አምኖበት አሜን አለ። ሌላው ግማሽ መዋጮው ስለሚቀንስለት አሜን አለ።

ሁለተኛዎቹን እንተዋቸው። የመጀመሪያዎቹ ግን የሚሉትን ያምኑታል፤ እኔም ግማሹን አምነዋለሁ። የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በሥራዬም አይተርፍም የተባለ በእግሩ ሲወጣ፣ ነገ ይወጣል የተባለ ሌሊቱን ሲያርፍ አይቻለሁ። ታዲያ ቀኑን የሚቆርጠው እሱ ከሆነ ገመድ መግዛት ምንድን ነው? የእምነት ጉድለት ነው ወይስ የእምነቱ አንድ ክፍል? ጥያቄው ከእኛ ብሎክ ይሰፋል፤ እኔ ግን የማውቀው ይህንን ጣሪያ ስለሆነ ከዚሁ አልወርድም።

አጥንት ክፍል ውስጥ ከከፍታ የወደቀ ሰው አይጠፋም። ግንበኛ፣ ቀለም ቀቢ፣ ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ የወጣ፣ ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ፣ የእናቱን ቤት ለክረምት ልድፈን ብሎ የወጣ። በእግሩ የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ተረከዙ ነው፤ ኃይሉ ግን እዚያ አይቆምም፣ በቅልጥም በኩል ወደ ወገብ አከርካሪ ይወጣል። ለዚህ ነው ተረከዙ የተሰበረ ሰው «ወገቤን ደህና ነኝ» ቢልም ጀርባው ራጅ እንዲነሣ የሚታዘዘው። ይህን ለማድረግ አራት ፎቅ አያስፈልግም፤ 3 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በኋላ እግሩን የማያዝ፣ ሽንቱን የማይቆጣጠር የሃያ ዓመት ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ ኮርኒስ ያያል።

ጠያቂዎች አልጋው ዙሪያ ቆመው የሚሉት ሁለት ነገር ነው። ከተረፈ «ቀኑ አልነበረም»፣ ካረፈ «ቀኑ ነበር»። ሁለቱም ተገቢ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «መሰላሉን የያዘው ማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ ነው። ያ የለቅሶ ቤት ቋንቋ ወደ ኮሚቴ ስብሰባ ሲገባ ግን ሥራው ይለወጣል። ለቅሶ ቤት የሆነውን እንድንቀበል ይረዳናል፤ ስብሰባ ላይ ያልሆነውን አስቀድሞ ይፈቅዳል። ደግሞስ ለምን ለሰው ብቻ? ጣሪያው ሲያፈስ ማንም «የቆርቆሮው ቀን ደርሶ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ አላየሁም። ለኮርኒሳችን ባለሙያ እንጠራለን፣ ለልጁ አከርካሪ እግዚአብሔርን።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አንድ ትእዛዝ አለ፤ በስብከት ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ ያድርግ ይላል፣ ሰው ከዚያ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ። በዚያ አገር ጣሪያው ደልዳላ ነው። ሰው ይተኛበታል፣ እህል ያሰጣበታል፤ ረዓብ ሰላዮቹን የደበቀችው ጣሪያዋ ላይ በነበረ የተልባ አገዳ ውስጥ ነው፤ ጴጥሮስም በኢዮጴ በስድስት ሰዓት ለጸሎት የወጣው ጣሪያ ላይ ነው። የእኛ ግን ዘቅዛቃ ቆርቆሮ ነው፤ ማንም አይተኛበትም። የሚወጣበት እኛ ከፍለን የምናወጣው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ትእዛዙ ለእኛ ሲሆን ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ከትእዛዙ ውስጥ የገረመኝ የማይጠይቀው ነገር ነው። የወደቀው ሰው ጠጥቶ ነበር ወይ? ቸልተኛ ነበር ወይ? ኃጢአተኛ ነበር ወይ? ቀኑ ነበር ወይ? አንዱንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ባለ ጣሪያውን ነው፤ ያውም ሰው ገና ሳይወድቅ፣ ቤቱ ሲሠራ። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የበለጠ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ግምት አይቀበልም። የንስሐ አባቴን ስለ ጣሪያዋ ትእዛዝ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው፣ «ግዝረቱን ያዝን፣ ቅዳሜን ያዝን፣ የሚበላና የማይበላውን ለየን፤ ይህቺ ግን ከእጃችን ሾለከች» አሉ። እሳቸው ሲናገሩ ቁጥብ ናቸው፤ ከዚህ በላይ አላገኘሁም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሲመጣ «ባለ ቤቱ» ማን ነው የሚለው ይወሳሰባል። ሕጉስ አያሻማም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ከእያንዳንዱ ቤት ውጪ ያለውን ሁሉ የጋራ ያደርገዋል፤ ጣሪያ፣ ደረጃ፣ ግቢ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤቴ ግን የራሱ አዋጅ አለው። «የእኔ ጣሪያ የአንደኛ ፎቅ ወለል ነው፤ እሱ ደግሞ አያፈስም» ይላል። ቀልዱን እወድለታለሁ። ግን እዚህ ያለው መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ ብሎኮቹ የቆሙት ትናንት ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት የነበረ ማሳ ላይ ነው። መረሬ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የተደፈነ አሸንዳ የሚደፋው ውሃ ደግሞ የሚወርደው በሱ መኝታ ቤት ግድግዳ ሥር ነው። ሒሳቡን ሠርቼ አሳይቼዋለሁ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 300 ካሬ ቢሆን፣ አንድ የሐምሌ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 6,000 ሊትር ማለት ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሦስት ሮቶ ሙሉ ውሃ በመስኮትህ ሥር ቢደፋ ዝም ትላለህ ወይ ስለው «ይህንን ኢንጂነር ይንገረኝ» አለ።

የውሃው ጉዳይ እንደምንም ያግባባል። የደሙ ጉዳይ ነው የማያግባባው። ሃያ ምናምን አባወራ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ሲያካፍለው የሚደርሰው ስለሚያንስ ያለ አይመስለውም። ገንዘብ እንደዚያ ይካፈላል፤ መቶ ብር ለሃያ ሰው አምስት አምስት ብር ነው። የሰው ደም ግን በዚህ ዓይነት አካፍለን የምንጨርሰው አይመስለኝም። ልጁ ቢወድቅ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ሃያኛ አይደለም፤ ሙሉው ነው። ይህንን በሕግ ላስረዳ አልችልም፣ ጠበቃ አይደለሁም። አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ግን ያውቀዋል።

ጣሪያ የሚጠርገው ልጅ እንደ አብዛኛው የቀን ሠራተኛ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ የሚገኝ ነው፤ ኮንጎ ጫማ አድርጎ መጣ። ስለ ገመዱ ስነግረው ሳቀ። «እማማ፣ ለምጄዋለሁ። እኔ ከወደቅሁ በራሴ ነው፣ እናንተን ማንም አይጠይቅም» አለኝ። ኮሚቴው በዚህ ደስ አለው፤ አንዱማ እንደዚህ ብሎ ይፈርምልን ሁሉ አለ። እኔ ደስ አላለኝም። «በራሴ ነው» የሚል ሰው የሚናገረው ምን ሆኖ ነው? ሌላ አማራጭ ኖሮት፣ ገመድ ካልሰጣችሁኝ አልወጣም ብሎ ቢሄድ ቤት ኪራዩን የሚከፍልበት ሌላ ሥራ ኖሮት ቢሆን ቃሉን እቀበለው ነበር። ከጀርባው ሌላ ልጅ ቆሞ «እኔ በዚህ ዋጋ እወጣለሁ» እያለ ግን ያ ፈቃድ የእሱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

በ12ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ የኖረ ሙሴ ቤን ማይሞን የሚባል አይሁዳዊ ሊቅ ነበር፤ ሐኪምም ነበር። በሕግ መጽሐፉ የጣሪያ መከታ ከ10 ጋት እንዳያንስ፣ ሰው ቢደገፈውም የሚችል እንዲሆን ይደነግጋል። እዚያው አካባቢ ደግሞ «ራሴን ነው አደጋ ላይ የምጥለው፣ ሌላውን ምን አገባው» የሚል ሰው ይገረፋል ይላል። ግርፋቱ ይቅርብን። ሐሳቡ ግን እንደ ሕክምና ሰው ገባኝ፤ ሰው በራሱ ላይ ብቻ አይወድቅም።

ይህንን የነገረችኝ አብራኝ የሠራች ጓደኛዬ ናት። ከጎንደር ናት፣ ቤተ እስራኤል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰድ ከነዚያ አንዷ ነበረች። አሁን በስልክ ነው የምንገናኘው። አያቶቿ ኦሪትን እንጂ የአይሁድ ሊቃውንትን መጽሐፍ ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ ልጇ ግን እዚያ ተምሮታል። ስለ ጣሪያችን ጭቅጭቅ ስነግራት ልጇን ጠይቃ አንድ ታሪክ ነገረችኝ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራት መሥራት አልቻልኩም።

አንድ አባት ልጁን «ከሕንፃው አናት ላይ ወጥተህ የወፍ ጫጩት አምጣልኝ» ይለዋል። ልጁ ይታዘዛል፣ ይወጣል፤ በኦሪት እንደታዘዘው እናቲቱን ወፍ ይለቅና ጫጩቶቹን ይወስዳል። አባትን ማክበርም፣ እናቲቱን ወፍ መልቀቅም ኦሪት ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ተስፋ የሰጠባቸው ትእዛዛት ናቸው። ልጁ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፈጽሞ ሲመለስ ወድቆ ሞተ። የቀድሞ ሊቃውንት በዚህ ተጨነቁ። አንዱ ረዥሙ ዕድሜ የሚመጣው ዓለም ዕድሜ ነው አለ። ሌላው ልጁ በልቡ ክፉ አስቦ ይሆናል አለ። ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ የመጣው መልስ ደግሞ፦ መሰላሉ የተበላሸ ነበር፤ ጉዳት በሚዘወተርበት ቦታ ሰው በተአምር ላይ አይደገፍም።

ሌሎቹ መልሶች ሁሉ ሰማይ ላይ ሲፈልጉ ይኸኛው መሰላሉን አየ። ስለ እግዚአብሔር ፍትሕ የሚደረግ ትልቅ ክርክር እንደዚህ ሲያልቅ እኔ ሰምቼ አላውቅም። እዚያው ታልሙድ ውስጥ ሌላ ሊቅ ደግሞ ከዚያችው ከጣሪያዋ ትእዛዝ ተነሥቶ ሰው በቤቱ ክፉ ውሻ እንዳያሳድግ፣ የተበላሸ መሰላል እንዳያቆም ይከለክላል። የእኛ ብሎክ መሰላል ባሕር ዛፍ ነበር፤ አንዱ እርከን በሽቦ የታሰረ። የጋራ መገልገያው የኮሚናሉ ጣሪያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሁሉ በዚያ መሰላል ይወጣበት ነበር። ከስልኩ በኋላ በማግሥቱ በገንዘብ ያዥነቴ ሥልጣን ለማገዶ ሰጠሁት።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሐጂ ከስብሰባው ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዙኝና በእነሱም ዘንድ እንዲሁ መሆኑን አጫወቱኝ። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልተማመን ወይ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ እሰረውና ተማመን ማለታቸውን ቲርሚዚ ዘግቦታል። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን አላውቀውም ነበር፤ መከታ በሌለው ጣሪያ ላይ ያደረ ሰው የአላህ ጥበቃ ከሱ ላይ እንደሚነሣ አቡ ዳውድ ይዘግባል። «አየሽ ሲስተር» አሉኝ፣ «እኚያ አባት የሚፈሩት ገመድ መያዝ ተወኩልን፣ በአላህ መተማመንን፣ ያፈርሳል ብለው ነው። እኛ ዘንድ አለመያዝ ነው የሚያፈርሰው።» ይህን በስብሰባው ላይ ለምን እንዳልተናገሩት ስጠይቃቸው «የክርስቲያን ሽማግሌ ሲናገር እኔ ላርም?» ብለው ወጡ።

እኔም አንድ ነገር ያልተናገርኩት በዚያው ምክንያት ነው። አባታችን ለልጁ እንዲደገም የፈለጉት መዝሙር በእኛ ዳዊት 90ኛው ነው፤ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል የሚለው ተስፋ ያለበት። ያንን መዝሙር ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሞ የጠቀሰ አንድ አካል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ አለ፤ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር ሲል። የተሰጠው መልስ ጌታ አምላክህን አትፈታተን የሚል ትእዛዝ ነው። ሽማግሌ ፊት እንዲህ አይባልም። ጽሑፍ ላይ ግን ይባላል።

በስብሰባው ላይ የተናገርኩት ግን ስለ ደብረ ዳሞ ገዳም ነው። ገዳሙን ያየሁት ከትግራይ ጦርነት በፊት ነው። ሴት ስለማትወጣ እኔ ከገደሉ ሥር ቀረሁ፣ ወንድሜ ወጣ። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑትን አቡነ አረጋዊን በ6ኛው መቶ ዘመን ዘንዶ እንዳወጣቸው፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን ይዞ እንደጠበቃቸው ይተረካል። በዘንዶው ፈንታ ዛሬ የሚንጠለጠለው ከቆዳ የተገመደ ጠፍር ነው። ገደሉ 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ነው፤ ወጪው ጠፍሩን በእጁ ይዞ፣ በባዶ እግሩ አለቱን እየረገጠ ይወጣል። ወንድሜ ጠፍሩን እንደያዘ ሊነሣ ሲል ከላይ መነኩሴው ጮኹበት፤ ቁም! ሁለተኛ ገመድ ወረደ፣ ወገቡ ላይ ታሰረ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው እየሳቡ፣ እሱ ከታች እየተቧጠጠ ወጣ። በዘንዶ ተአምር የተመሠረተ ገዳም፣ 1,500 ዓመት ገደማ ሲጸለይበት የኖረ ገዳም፣ እንግዳውን ያለ ሁለተኛ ገመድ አያወጣም። እነዚያ መነኮሳት ከእኛ ብሎክ ሰው ያነሰ እምነት አላቸው የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር። ይህንን ስናገር ነው ስብሰባው የተረታው፤ አባታችንም «እንግዲህ ገዳሙ ካደረገው» ብለው ተቀመጡ።

ሲቀመጡ ግን አንድ ቁም ነገር ጣሉ። «ገመዱን ያመነ ሰው ይደፍራል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የታሰረ ሰው ካልታሰረው የበለጠ ወደ ጫፍ ይጠጋል። ስለዚህ ገመዱ ብቻውን አይበቃም፣ የሚጠብቀው ዓይን ያስፈልጋል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ የሚቀመጠውን የሰጎን እንቁላል አስቡት። ሰጎን እንቁላሏን በዓይኗ ነው የምትጠብቀው፣ ዓይኗን ካነሣች ይበላሻል፣ እግዚአብሔርም ከእኛ ላይ ዓይኑን አያነሣም ተብለን ነው የተማርነው። የሰጎን ጠባይ በእርግጥ እንደዚያ ነው ወይ የሚለውን ለአራዊት ሐኪም እተዋለሁ። የጣሪያው መውጫ ቀዳዳ ላይ ቆሞ ገመዱን የሚለቅና የሚሰበስብ ሰው ግን ስልኩን ካየ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ስለዚህ ገመዱን ከያዘው ከጥበቃችን ስልክ ቀማሁ። እስከ ዛሬ ይቀየመኛል።

አሁን ወደ ቆርቆሮው ልመለስ፤ ሃይማኖቱ የሚፈተነው እዚያ ነውና። ጣሪያ የሚጠረገው ጠሉ ከደረቀ በኋላ፣ ቆርቆሮው ከመጋሉ በፊት ነው። ገላን ላይ ይህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሜዳው የሚነሣው ነፋስ ሰው ይገፋል። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ በኮንጎ ጫማ የሚቆም የለም፤ ለልጁ ሶሉ የሚይዝ የሸራ ጫማ ገዛንለት። ቀበቶው ወገብ ብቻ የሚይዘው ዓይነት እንዳይሆን ተከራከርኩ፤ ሲወድቅ ሆድ ዕቃን ይጎዳል፣ ጭንና ትከሻ የሚይዘው ነው የሚሻለው። ገመዱ ከጣሪያው ሥር ካለው የብረት ተሸካሚ ላይ ይታሰራል እንጂ ከዲሽ ቱቦ ላይ አይታሰርም፤ የዲሽ ቱቦ ዲሽ ለመሸከም ነው የተተከለው። እርምጃው ሚስማሩ በተሰለፈበት ነው፦ ሚስማር ባለበት ሥሩ ብረት አለ፣ በመካከሉ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ለብርሃን ተብሎ የገባ ፕላስቲክ አቧራ ሲሸፍነው ከቆርቆሮ ስለማይለይ፣ ከመውጣቱ በፊት ከውስጥ ታይቶ ቦታው ይነገረዋል። የመብራት ሽቦ ያለበት ጎንም እንዲሁ።

ከዚያ ከአናቱ ወደ አሸንዳው እየጠረጉ መውረድ ነው። አካፋና የሽቦ ብሩሽ ዚንኩን ይፍቀዋል፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያው ነው። በረኪናም ለዚንክ ጠላት ነው። አሸንዳ ውስጥ ያለው በውሃ ተገፍቶ ወደ ቱቦ አይሰደድም፤ ይህንን ያደረገ ብሎክ ሐምሌ ላይ ቱቦው ሲደፈን ያየዋል። በጓንት ተዝቆ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቶ በገመድ ይወርዳል። ዘንድሮ ከእኛ አሸንዳ የወረደው ጉድ ነው፦ ጥቁር ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ፣ ፌስታል፣ ሁለት ክዳን የሌለው ሃይላንድ፣ ጭቃው ላይ በቅሎ ያፈራ ሣር፣ ቁራ እየለቀመ ያከማቸው የበግ ጎድን አጥንት፤ የፋሲካ ይሁን የገና ማን ያውቃል። መጨረሻ ላይ ልጁ አንድ ባልዲ ውሃ ያፈሳል፣ ታች ቱቦው አፍ ላይ የቆመ ሰው «ወጣ!» ብሎ ይጮኻል። እስኪጮኽ ድረስ ሥራው አላለቀም።

አንድ ጥግ ላይ የእርግብ ጎጆ ተገኘ፣ ሁለት ላባ ያላወጡ ጫጩቶች ያሉበት። የወፍ ጎጆው ሕግ በዘዳግም 22 ከጣሪያው ትእዛዝ በፊት ነው ያለው፣ አንዱ ከሌላው ተያይዞ፤ እንደዚያ ጎን ለጎን ጣሪያ ላይ አገኛቸዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጁ ሳይጠይቅ ጎጆውን ትቶ ዙሪያውን ጠረገ። ያ ጥግ እስኪበሩ ድረስ ይቆይ ተባለ፤ በዚህ ላይ አንድም ሰው አልተከራከረም። ለእርግብ ሲሆን እንግባባለን።

አባታችን ልጁ ከመውጣቱ በፊት ዳዊታቸውን ደግመው ጠበል ረጩት፤ ልጁም ዝቅ ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ወንበር አስወጥተው ከብሎኩ ሥር ተቀመጡና ማዳበሪያው በሚወርድበት በኩል ሕፃን እንዳያልፍ በከዘራቸው ሲያባርሩ ዋሉ።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ልጁ ገመዱን ፈታ። ከዲሾቹ በስተጀርባ የቀረችውን ክንድ የምታህል ቦታ ለመጨረስ፣ ዞሮ መውጣትና ገመዱን በሌላ በኩል ማሰር ነበረበት፤ አልዞረም። ጨርሶ ሲወርድ አባታችን ወደ እኔ ዞረው «ይኸው ሰጠነው፣ ፈታው። አሁን ወድቆ ቢሆን ኖሮ ደሙ በማን ቤት ላይ ነበር?» አሉኝ። የተንኮል ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱን ፈልገው ነው። ሐጂ ከበረንዳቸው ሆነው «አስሮ የፈታ የራሱ ነው» አሉ። እኔ ዝም አልኩና ለልጁ ሻይ ቀድቼ ለምን እንደፈታ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ በቁርጥ አይደል የተነጋገርነው?» አለኝ። «ገመዱን ባዞርኩ ቁጥር ሰዓት ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ቱሉ ዲምቱ ሌላ ብሎክ ቀጥሬያለሁ። እዚያ ገመድ የለም፣ ቶሎ ያልቃል።»

በቁርጥ ሲከፈለው እያንዳንዱ ቋጠሮ ከኪሱ ነው የሚወጣው። ገመዱን ሰጥተነው ዋጋውን እሱ እንዲከፍል አድርገናል ማለት ነው። ለአባታችን ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያንኳኩ ቆዩና «እንግዲያውስ በቀን ይከፈለዋ» አሉ። በቀን ከሆነ ክፍያው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ነው፤ የሰኔው ስብሰባ አጀንዳ ይኸው ሆኗል፣ ሐሳቡንም የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። የምድር ቤቱ ጎረቤቴ ግን የገመዱን ድርሻ እንኳ እስካሁን አልከፈለም። ደረሰኙ ተቆርጦ እኔ ጋ ነው።